ለባቡሽካዬ፣ ለጎረቤቴና ለጎንደር ሰው፦ እግዜር ይስጥልኝ

ይድረስ በጎንደርም ከጎንደር ውጭም ላላችሁ ወዳጅ ዘመዶቼ፤

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ተመስገን ነው፣ ደህና ነኝ። ድምፄ ሻከር ቢልም ተመልሷል። የአንገቴን ጠባሳ ነጠላዬ ይሸፍንልኛል። ያሳለፍኩትን አብዛኞቻችሁ አብራችሁኝ ስላያችሁት አልተርከውም። የአንገቴ እብጠት የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለች ዕጢ ናት) ካንሰር ሆኖ ተገኘ፣ እዚሁ ጎንደር ኦፕራሲዮን ተደረግሁ፣ ሕንድ ሄጄ ቀሪውን ሕክምና ጨርሼ ተመለስኩ። ዛሬ የምጽፈው ስለ ሰዎቹ ነው።

ልጆቼ "እማዬ፣ ሐኪሞቹን አስቀድሚ" ብለውኛል። እውነታቸውን ነው። ግን ሆስፒታል ተኝቼ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ፊቴ ላይ ድቅን የምትል አንዲት የኪየቭ ሴት አለች። ነፍሷን ይማርና፣ በሕይወት እያለች ደጋግሜ አመስግኛታለሁ። በአደባባይ ሳመሰግናት ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በያኔዋ ሶቪየት ኅብረት፣ ኪየቭ ግብርና ስማር የዶርማችንን ፎቅ የምትጠብቅ አሮጊት ነበረች። ሁላችንም ባቡሽካ እንላት ነበር፤ በሩሲያኛ አያት ማለት ነው።

ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም፣ ቅዳሜ ሊነጋ ሌሊት 7 ሰዓት ከ23 ላይ የቼርኖቤል የኒውክሌር ኃይል ጣቢያ 4ኛው ማብላያ ፈነዳ። ከኪየቭ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጎንደር ደባርቅ ማለት ነው። እኛ ምንም አልሰማንም። በማግስቱ ሆሳዕና ነበር። በዚያው ሆሳዕና ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ፕሪፕያት የምትባለው የማብላያው ሠራተኞች ከተማ ተነቅላ ወጣች። 49,000 ያህል ሰው ነው። "ለሦስት ቀን ነው፣ መታወቂያችሁንና ትንሽ ምግብ ያዙ" ተባሉ። እስከ ዛሬ አልተመለሱም። እነሱን ለማውጣት ከ1,000 በላይ አውቶቡስ ተሰልፏል። ከሾፌሮቹ አንዱ የባቡሽካ ልጅ ነበር።

ልጇ ተመልሶ ያየውን ነገራት። እሷም ለእኛ ነገረችን። ይሄ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ወሬ አታናፍሱ በሚባልበት አገርና ዘመን፣ ከመንግሥት አፍ በፊት ለውጭ አገር ተማሪ እንዲህ ያለ ነገር መንገር እንጀራ የሚያሳጣ ነው። ሰኞ ማታ በቴሌቪዥን ጥቂት ዐረፍተ ነገር ተነበበች። እሷም የተነበበችው ስዊድን ውስጥ ፎርስማርክ በሚባል የኒውክሌር ጣቢያ በሠራተኛ ጫማ ላይ ጨረር ተገኝቶ፣ ስዊድኖች "ይሄ ከየት መጣ?" ብለው ከጠየቁ በኋላ ነው። የአገሩ መሪ ጎርባቾቭ ራሱ በቴሌቪዥን ቀርቦ የተናገረው ከአደጋው ከ18 ቀን በኋላ ነበር። ባቡሽካ ግን 18 ቀን አልጠበቀችም።

የክረምቱን ብርድ ለመከላከል እንደምታደርገው የወረቀት ቁራጭ በዱቄት ማጣበቂያ እየለወሰች የመስኮቶቻችንን ስንጥቅ ሁሉ ለጠፈች። በራችን ላይ ባልዲ አስቀመጠች። ከውጭ የመጣ ሁሉ ጫማውን እዚያ አጥቦ በባዶ እግሩ ይገባል። ኮሪደሩን ጠዋት ማታ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች። መጥረጊያ በእጃችን ካየች ትቆጣለች፤ አቧራ እንዳይነሳ ነው። ያ ቀይ እጇ፣ ውኃ ያሻከረው እጇ፣ ዛሬም ይታየኛል።

ሜይ ዴይ የዋለው ጸሎተ ሐሙስ ላይ ነበር። ነፋሱ ወደ ኪየቭ ዞሯል። የከተማው ሰው ግን ልጆቹን ትከሻው ላይ አድርጎ ሰልፍ ወጣ፤ ማንም አልነገረውማ። ባቡሽካ በኮሪደሩ ጫፍ ወንበሯን አስቀምጣ ተቀመጠችና እኛን አላሳልፍም አለች። "የጠየቀ ካለ ታመዋል እላለሁ" አለች። ጠየቁ። ታመዋል አለች።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ፋሲካን ነው። በዚያ ዓመት የእኛም የእነሱም ፋሲካ ሚያዝያ 26 ነበር። እኔ ሁዳዴን ጾሜያለሁ። ወተትና አይብ ሲያምረኝ ከርሜ፣ የጾሙ ፍቺ ዕለት ከሱቅ የመጣ ወተት በብርጭቆ ቀድቼ ወደ አፌ ላስጠጋ ስል ባቡሽካ ከእጄ ነጥቃ ደፋችው። ደነገጥኩ፤ ደሜም ፈላ። እሷ ወደ ክፍሏ ሄዳ ከአደጋው በፊት የታሸገ የቆርቆሮ ወተት ይዛ መጣች። በዚያ ወተት የጋገረችውን የፋሲካ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ።

ያ ነገር ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ በኋላ፣ የአፈር ትምህርት ስማር ነው። ማብላያው ሲፈነዳ ከወጡት ነገሮች አንዱ አዮዲን 131 የሚባል ጨረር ያለው አዮዲን ነው። ሳሩ ላይ ያርፋል፣ ላሟ ትግጠዋለች፣ ወተቷ ውስጥ ይገባል፣ ልጅ ይጠጣዋል። የታይሮይድ ዕጢ ደግሞ አዮዲን ካገኘ መልካሙን ከክፉው አይለይም፤ ስብስብ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ያ አካባቢ አፈሩ አዮዲን የሚያንሰው ነው፣ እንደ እኛ ደጋ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሉታል ይሄ ነው። አዮዲን የጠማው ዕጢ የመጣለትን ሁሉ አብልጦ ይመጥጣል። የሚያናድደው፣ አዮዲን 131 በየ8 ቀኑ በግማሽ የሚቀንስ ነገር መሆኑ ነው። ለዚያች ጥቂት ሳምንት "ልጆቻችሁን ትኩስ ወተት አታጠጡ" የሚል ቶሎ ቢገኝ ኖሮ ብዙው ይድን ነበር። በቤላሩስ፣ በዩክሬንና በተጎዱት የሩሲያ አካባቢዎች በዚያን ጊዜ ልጅ ከነበሩት መካከል እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ6,000 በላይ ሰዎች በታይሮይድ ካንሰር መያዛቸው ተመዝግቧል። አብዛኞቹ ታክመው መዳናቸው ያጽናናኛል። ግን እያንዳንዳቸው እንደኔ አንገታቸውን ተቀድደዋል። እኔ በ60 ዓመቴ ነው፤ እነሱ ገና በልጅነታቸው።

ይቅርታ፣ ምስጋና ልጽፍ ብዬ ወደ ቁጣ ገባሁ። እስቲ ልመለስ።

የባቡሽካ ልጅ በኋላም አደጋው የበከለውን ሊያጸዱ ከተላኩት፣ ከአጽጂዎቹ ጋር ወደ ቼርኖቤል ሄደ። ከመላው ሶቪየት ኅብረት የተጠሩት 600,000 ያህል ናቸው። በመጀመሪያው ሌሊት ያለ በቂ መከላከያ እሳቱን ያጠፉት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከነሱ ቀድመው ነበሩ፤ ከነዚያና ከጣቢያው ሠራተኞች 28ቱ በጨረር ሕመም በጥቂት ወራት ውስጥ ሞተዋል። የእነሱንም ውለታ ማንሳት አለብኝ። ኪየቭ የነበርን ሁሉ በነሱ ትከሻ ነው የተረፍነው።

የአፈር መምህሬንም ላመስግን። ቼርኖቤል አጠገብ ያለው የጥድ ጫካ በጨረር ሞቶ እንዴት ቀይ እንደሆነ፣ ሲዚየም 137 የሚባለው ሌላው ጨረር ያለው ነገር ደግሞ ተክል የሚፈልገውን ፖታሲየም መስሎ በሥር በኩል ወደ እህሉ እንዴት እንደሚገባ ያስተማረን እሱ ነው። ሲዚየም በግማሽ ለመቀነስ 30 ዓመት ይፈልጋል። ስለዚህ ዛሬም፣ 40 ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ከዚያ ጫካ እንጉዳይ ለቅሞ መብላት ያሰጋል። "አፈር ይረሳል እንዳትሉ" ይለን ነበር። ጎንደር ዙሪያ ከገበሬ ጋር በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ይህ ቃሉ ከአፌ አልጠፋም።

አሁን ስለ ጠየቃችሁኝ ነገር። "ካንሰሩ ከቼርኖቤል የመጣ ነው ወይ?" ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። ይሄንኑ ሐኪሜን ጠይቄዋለሁ። ወንበሩን አስጠግቶ በትዕግሥት አስረዳኝ። አደጋው በዋናነት የመታው ሕፃናቱን ነው፤ እኔ ያኔ አዋቂ ነበርኩ፣ ጾመኛም ነበርኩ፣ ወተቱንም ባቡሽካ ደፍታዋለች። የታይሮይድ ካንሰር ቼርኖቤልን ያላየ ሰውንም ይይዛል። የአንድን ሰው ዕጢ አይቶ "ይሄ ከዚያ ነው" የሚል መሣሪያ የለም። እንዲህ በግልጽ ስለነገረኝ፣ ለማጽናናት ብሎ ስላልዋሸኝ፣ ለማስፈራራትም ስላላጋነነ እግዜር ያክብረው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያሉትን ቀዶ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ የላቦራቶሪ ሠራተኞችና ጽዳቶች በሙሉ አመሰግናለሁ።

ሕንድ ላይ የሆነውን ላውራችሁ። ቀሪውን ካንሰር የሚያጠፋው መድኃኒት ምን መሰላችሁ? ያው አዮዲን 131። በ20 ዓመቴ ከወተት ብርጭቆ ውስጥ የሸሸሁትን፣ በ60 ዓመቴ በእንክብል ዋጥኩት። ዕጢው አዮዲን አይቶ ስለማያልፍ፣ የቀረችውን የካንሰር ሕዋስ ሁሉ ፈልጎ ይገባላታል። እንክብሉን በእጄ ይዤ አለቀስኩ። ሕፃናቱን የጎዳ ነገር እኔን ሊያድን መጣ። ነርሷ ፈርቼ መስሏት ከበሩ ማዶ ሆና ታጽናናኝ ነበር። ስሟን አላውቀውም። እሷም ትመስገን።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ጎረቤቴ አለች። እቴ፣ አንቺን እንዴት ብዬ ልግለጽ?

ለዚያ ሕክምና አስቀድሞ ለሁለት ሳምንት ያህል አዮዲን ያለበትን ነገር መተው ግድ ነው። የሱቅ ጨው አይቻልም፣ ወተት አይቻልም፣ እንቁላል አይቻልም። ልጆቼ ግራ ገባቸው። እሷ ቅዳሜ ገበያ ወርዳ አዮዲን ያልተጨመረበት አሞሌ ጨው ፈልጋ አመጣች። ወቀጠችው፣ ለብቻ በዕቃ ከደነችው። ለእኔ ብቻ አዲስ ድስት ገዛች፣ የኔን ሽሮ ከሌላው ጋር አታቀላቅልም። በርበሬው ጨው አለበት ብላ ለብቻ አስፈጨችልኝ። ስሄድ በሶና ድርቆሽ ቋጥራ ሸኘችኝ።

ስመለስ ደግሞ ባሰባት። ሰውነቴ ውስጥ ያለው ጨረር እስኪወጣ ለቀናት ከሕፃንና ከነፍሰ ጡር እንድርቅ ታዝዣለሁ። የልጅ ልጄ በመስኮት ታየኛለች፣ እኔም አያታለሁ፣ ሁለታችንም እናለቅሳለን። ይሄኔ ሰፈር ውስጥ "ይጋባል" የሚል ወሬ ተነሳ። ያወራችሁትን አልቀየምም፤ ፍርሃት ነው። ጎረቤቴ ግን ረከቦቷን ግቢዬ መሃል አወጣችና ቡና አፈላች። ሐኪሙ ያዘዘውን ርቀት ጠብቃ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። የሚያልፈውን ሁሉ "ግቡ ቡና ጠጡ፣ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ እንጂ ምንም የለም" ትላለች። ስንት ሰው ፈራ ተባ እያለ ገብቶ ተቀመጠ! ዕጣኑ እየጨሰ፣ ሦስቱንም ጀበና እስክንጨርስ አንድም ቀን ቸኩላ አልተነሳችም። ሐኪም አይደለችም፣ ፊዚክስ አልተማረችም። አንድ ጊዜ ያስረዱኝን ነገርኳት፣ ገባት፣ በቃ። ጠብ እርግፍ ብላ ያስታመመችኝን ልጄ እንኳ ከዚያ በላይ አታደርገውም። ፈጣሪ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ጧሪሽን አያሳጣሽ።

የእድራችን አባላት፣ የማርያም ማኅበርተኞቼ፣ የእቁብ እኅቶቼ፣ የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቼ፣ በሶቪየት አብረውኝ የተማሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ ለጉዞዬ ያዋጣችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር በእጥፉ ይተካላችሁ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄዳችሁ ስለኔ የጸለያችሁ፣ ስሜን በቅዳሴ ያስጠራችሁ፣ ከአዘዞና ከማራኪ እየተመላለሳችሁ የጠየቃችሁኝ፣ መንገዱ ባስቸገረበት ወቅት ከገጠር ማር ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በስልክ የደወላችሁልኝና ድምፄ ጠፍቶ መልስ ያልሰጠኋችሁም አላችሁ። ስማችሁን ያልጠቀስኩ ይቅር በሉኝ። መጻፍ ብጀምር አያልቅም፤ ደግሞ አንዱን ጽፌ ሌላውን ብተው ልቤ አይችለውም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። አንገቱ ያበጠ ሰው ቤታችሁ ካለ "የደጋ እንቅርት ነው" ብላችሁ አትለፉት፣ ይታይ። የምትገዙትም ጨው አዮዲን ያለበት ይሁን፤ ክዳኑ ያለው ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት፣ ወጡም ሊወጣ ሲል ጨምሩት።

ሚያዝያ 18 እሑድ ላይ ውሏል። አደጋው 40 ዓመት ይሞላዋል። ለባቡሽካዬና ለእነዚያ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጸሎት አስደርጌ፣ ከቅዳሴ መልስ ቤቴ ቡናና ጸበል ጸዲቅ አለ። ጎረቤቴ ቤቱን ታሳያችኋለች። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ አሁን ሕፃን ማቀፍ ተፈቅዶልኛል።