የተበላሸው ጉድጓድ በማን ሒሳብ? የአካባቢ ሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን አንድ ጥያቄ ይዞ ነው የከረመው። የማዕድንና የማዳበሪያ ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ፣ ገጠር ውስጥ የጉድጓድ ውኃ የሚጠጣው ሰው ምን ይደርስበታል? (ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኩት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ጥያቄውን ያመጣችው ኢኮኖሚክስ የምትወድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። “ማዕድን ሲሸጥ የሠራተኛው ደመወዝ፣ ነዳጁ፣ ማጓጓዣው ሁሉ ዋጋው ውስጥ አለ። የተበላሸው ውኃስ የት ጋ ነው የተጻፈው?” አለች። እኔ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ጥያቄው ሁለት ትምህርት የሚጠይቅ ስለሆነ የኢኮኖሚክስ መምህራችን አብረውን እንዲሠሩ ጠየቅናቸው። ደስ ብሏቸው ገቡ። እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት አርተር ፒጉ ይህን ነገር በ1920 እንዳነሳው የነገሩን እሳቸው ናቸው። ሻጭና ገዢ የሚስማሙበት ዋጋ ሦስተኛው ሰው ላይ የሚወድቀውን ጉዳት አይቆጥርም። ስለዚህ ጉዳቱን ያህል ግብር በአድራጊው ላይ ይጣል ነበር የፒጉ ሐሳብ።

ልጆቹ ግን ምሳሌ ፈለጉ። ያገኘነው ምሳሌ ዓመቱን ሙሉ ከአፋችን አልጠፋም። በእንግሊዝ አገር ኮርንዎል ውስጥ ዊል ጄን የሚባል፣ ቲን የተባለው ብረት የሚወጣበት የማዕድን ማውጫ ነበር። በ1985 የቲን ዋጋ በዓለም ገበያ ተንኮታኮተ። ማውጫው ጥቂት ዓመት ተንገዳግዶ በ1991 ተዘጋ። ውኃ እየሳቡ ያደርቁት የነበሩት ፓምፖችም ቆሙ። ከዚያ የከርሰ ምድር ውኃው ቀስ እያለ ዋሻዎቹን ሞላ። በጃንዋሪ 1992 በአሲድና በብረታ ብረት የተበከለ በአሥር ሚሊዮኖች ሊትር የሚቆጠር ውኃ ጥሶ ወጣ። ወንዙና ከታች ያለው የባሕር ወሽመጥ ብርቱካናማ ቀለም ያዙ። ልብ በሉ፣ ጉዳቱ የመጣው ማዕድኑ ሲወጣ ሳይሆን ዋጋው ወድቆ ሥራው ሲቆም ነው። ትርፉ ቀድሞ ተከፋፍሏል። ማጣሪያ ጣቢያው የተሠራው በሕዝብ ገንዘብ ነው።

ኬሚስትሪውን ቤተ ሙከራ ውስጥ አየነው። ፓይራይት የሚባለው ድንጋይ ብረትና ድኝ የያዘ ነው። ከመሬት በታች አየር ሳያገኘው ሲኖር ምንም አይልም። ተቆፍሮ አየርና ውኃ ሲያገኝ ግን ሰልፈሪክ አሲድ ይፈጠራል። አሲዱ ደግሞ በመንገዱ ያገኘውን ካድሚየም፣ ዚንክና መርዛማውን አርሰኒክ እያሟሟ ይዞ ይሄዳል። ልጆቹ ከናሙና ሣጥናችን ትንሽ ፓይራይት ፈጭተው በውኃ አስቀመጡት። በየሳምንቱ የአሲድ መለኪያ ወረቀት እየነከሩ መዘገቡ። ወረቀቱ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከዚያም ወደ ብርቱካናማ ሲሄድ የነበረውን ጩኸት ጎረቤት ክፍል ያሉት መምህራን ያስታውሱታል።

ዋጋ ሲወጣም ሌላ ጣጣ አለ። ወርቅ ሲወደድ በትንንሽ ጉድጓዶች የሚቆፍረው ሰው ይበዛል፤ ብዙው ወርቁን የሚለየው መርዛማ በሆነው ፈሳሽ ብረት በሜርኩሪ ነው። በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት የሜርኩሪን አጠቃቀም ለመቀነስ የወጣ ነው።

ማዳበሪያን በተመለከተ ያወቅነው ነገር የምር አስደንግጦናል። ማዳበሪያ ሲረክስ ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ይበትናል። ተክሉ ያልወሰደው ናይትሬት ሆኖ ወደ ታች ይሰርጋል፣ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። በ1945 አንድ የአሜሪካ ሐኪም በአይዋ ግዛት ገጠር ያሉ ሕፃናት ቆዳቸው ሰማያዊ የሚሆነው ወተታቸው በናይትሬት በተበከለ የጉድጓድ ውኃ ስለሚበጠበጥ መሆኑን ጻፈ። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ50 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ልጆቹ “እናፍላዋ!” አሉ። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ናይትሬትን ግን አያጠፋም። እንዲያውም ውኃው ሲተን የቀረው ይወፍራል። ይህችን ነገር ማንም እንዳይረሳት በሚኒ ሚዲያ ደጋግመን አስነገርናት።

የባንግላዴሽ ታሪክ ደግሞ ከሁሉ በላይ አከራከረን። እዚያ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የኩሬና የወንዝ ውኃ ሕፃናትን በተቅማጥ ስለሚገድል፣ በርካሽ የሚተከሉ ጥልቀት የሌላቸው የቧንቧ ጉድጓዶች ተስፋፉ። ሐሳቡ ደግ ነበር። ግን በመሬቱ ውስጥ በተፈጥሮ ያለው አርሰኒክ ጣዕምም ሽታም ቀለምም የለውም፤ በ1990ዎቹ ሰው ቆዳው እየቆሰለ ሲመጣ ነው ነገሩ ግልጽ የወጣው። ከዚያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጉድጓዶች ተመረመሩ። በአንድ ሊትር ከ50 ማይክሮግራም በላይ የተገኘባቸው ቀይ፣ ሌሎቹ አረንጓዴ ተቀቡ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ግን 10 ማይክሮግራም ነው። ስለዚህ “አረንጓዴ” ማለት ለሁሉም አንድ ትርጉም የለውም። በጥልቁ ያለው ውኃ በአብዛኛው ንጹሕ ነው፤ ጥልቅ ጉድጓድ ግን ውድ ነው። አንዱ ልጅ “ታዲያ ንጹሕ ውኃ የሚጠጣው አቅም ያለው ነው ማለት ነው” አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም የምጨምርበት አልነበረኝም።

በሁለተኛው መንፈቅ ተማሪዎቹ ከሚያውቋቸው የገጠር ጉድጓዶች ናሙና አመጡ። የተጠቀምነው ከዓይነ ምድር የሚመጡ ባክቴሪያዎች ሲኖሩ የሚጠቁረውን የጠርሙስ ምርመራ ነው። ርካሽ ነው፤ ትልቅ መሣሪያ አይፈልግም። የጠቆሩት በአብዛኛው ክዳን የሌላቸው ወይም ሽንት ቤት የቀረባቸው ጉድጓዶች ውኃ ነበር። ሽንት ቤት ከውኃ ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ የሚባለው ለዚህ ነው። ልጆቹ ውጤቱን ለባለጉድጓዶቹ ራሳቸው ሄደው ነገሩ። ስለ ክዳን፣ ስለ ክሎሪንና ስለ ማፍላት በደንብ አስረዱ። አንዲት እናት “እስከ ዛሬ ማን መጥቶ መረመረልን?” ብለው እንደመረቋቸው ነግረውኛል። እውነታቸውን ነው። በአሜሪካ እንኳ የ1974ቱ የመጠጥ ውኃ ደኅንነት ሕግ የግል ጉድጓዶችን አይሸፍንም፤ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው የሚጠጣውን ውኃ ራሱ ካላስመረመረ ማንም አይመረምርለትም።

በዓመቱ መጨረሻ ክርክር አዘጋጀን፦ ውኃ ዋጋ ይውጣለት ወይስ አይውጣለት? አንደኛው ቡድን ውኃ ኢኮኖሚያዊ ዋጋ አለው ያለውን የ1992ቱን የደብሊን መግለጫ ይዞ ቀረበ። ሌላው ንጹሕ ውኃ ሰብዓዊ መብት ነው ያለውን የተባበሩት መንግሥታት የ2010 ውሳኔ ያዘ። ዳኞቹ እኩል ሰጧቸው። የእኔን አቋም ከጠየቃችሁኝ፣ ዋጋው መጨመር ያለበት ማዕድኑ ላይ እንጂ ባልዲ ይዛ የምትቀዳዋ ሴት ላይ አይደለም። መንገዱም አለ። በአሜሪካ ከ1977 ጀምሮ የድንጋይ ከሰል የሚያወጣ ድርጅት ከመቆፈሩ በፊት መሬቱን መልሶ ለማስተካከል የሚውል ዋስትና ያስይዛል። ዋጋ ቢወድቅና ድርጅቱ ቢጠፋም የተያዘ ገንዘብ አለ። በየቦታው እንዲህ ቢሆን ደስ ይለኛል።

የምርመራ መዝገቡን ለአሥረኛ ክፍል አባላት አስረክበናል። በሚቀጥለው ዓመት እነዚያኑ ጉድጓዶች ዝናብ ከመግባቱ በፊትና ከገባ በኋላ ይመረምራሉ። የናይትሬት መለኪያ ወረቀት ያስፈልገናል፤ ሊረዳን የሚችል ወላጅ ካለ በክበቡ ቢሮ ያገኘናል።