ጉንፋኑ ለቅቆት ነበር፦ ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልን።

የምጽፍላችሁ ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከጮቄ ግርጌ ነው። ባለፈው ታኅሣሥ፣ ጤፍ ስንወቃ፣ አጎቴን ጉንፋን ያዘው። ዳማከሴ አሸነው፣ ነጭ ሽንኩርት በማር በላ፣ በ5ኛው ቀን «ለቀቀኝ» ብሎ አውድማ ወረደ። በ7ኛው ቀን ትኩሳቱ ተመለሰ፣ ጎኑን ይወጋው ጀመር። ጤና ጣቢያ ወሰድነው (የትኛው እንደሆነ ይቅር)። ነርሷ «ያው ጉንፋኑ ነው» አለችን። የትኩሳት ክኒን ይዘን ተመለስን። በማግስቱ ትንፋሽ ሲያጥረው በቃሬዛ እስከ አስፋልት፣ ከዚያ በመኪና ደብረ ማርቆስ አደረስነው። እዚያ ጣቱ ላይ አንዲት ትንሽ መለኪያ ሰኩለት። የደሙ ኦክስጅን 82 በመቶ። ከ90 ከወረደ እኮ አደጋ ነው!

የሳንባ ምች ነበር። ሐኪሙ እንዳስረዱን የጉንፋኑ ቫይረስ የመተንፈሻ ቱቦውን ሽፋን ይጎዳዋል፣ አክታ ጠርጎ የሚያወጣውን ስስ ጸጉር ሳይቀር፣ ያኔ ጉሮሮ ውስጥ ዝም ብሎ የኖረ ባክቴሪያ ወደ ሳንባ ይወርዳል። ለዚህ ነው ሰው ተሽሎት የሚወድቀው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ፣ ያ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ፣ ጊዜም በዓለም ዙሪያ ብዙውን ሰው የጨረሰው ከኢንፍሉዌንዛው ኋላ የመጣው የሳንባ ምች ነው። እኛ ግን ኅዳር 12 ቆሻሻ አቃጥለን፣ ተጫጭሰን እንገባለን።

ነርሷን አልወቅስም። በፈረንጆቹ 2015 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ በሳንባ ምች ሆስፒታል ከተኙ ከ100 አዋቂዎች በ62ቱ፣ ያ ሁሉ ላቦራቶሪ እያለ፣ ምንም ጀርም አላገኘም። ከተገኘባቸውም ቫይረሱ ከባክቴሪያው ይበዛል። ታዲያ እሷ በጆሮዋ ብቻ ምን ታድርግ? ትንፋሽ መቁጠርና ኦክስጅን መለካት ግን ትችላለች፣ መለኪያዋ ካለች።

እና የምጠይቃችሁ ይህችን ነው። መለኪያዋ በየጤና ኬላው ትድረስ፣ በኪስ የምትያዝ ዕቃ ናት። የጤና ኤክስቴንሽኖቹም ቤት ለቤት ሲዞሩ «ጉንፋን ለቅቆት ትኩሳት የተመለሰበት ሰው ሳይታይ አይደር» ይበሉልን። ለሕፃናት የሳንባ ምች ክትባት ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ እሰየው። ለሽማግሌውና ለልብ ሕመምተኛውስ ምን አስባችኋል? የኢንፍሉዌንዛ ክትባት የሚባለውን በኛ ቀበሌ ያየው ሰው የለም።

አጎቴ ተርፏል። ዳገት ላይ ግን አሁንም ሦስቴ ያርፋል። ውቂያው ሳይደርስ መልሳችሁን እንጠብቃለን።