ጊዜውንስ እንስጣቸው፣ ግን…

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ስለ እንግሊዝ መንግሥት «ሰው ቶሎ ይማረራል» ብላችሁ የጻፋችሁትን አነበብኩ። እኔ ለንደን ነው የምኖረው። የሠራተኞች ፓርቲው ሌበር እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 ምርጫውን ሲያሸንፍ ደስ ብሎኝ ነበር። ከእነሱ በፊት የነበረው የወግ አጥባቂዎቹ የ14 ዓመት ብልሽት ባንድ ጀንበር እንደማይጠገንም አይጠፋኝም።

ግን ወር እንኳ ሳይሞላቸው የገንዘብ ሚኒስትሯ ሬቸል ሪቭስ ከ200 እስከ 300 ፓውንድ የሚደርሰውን የማሞቂያ ድጎማ ከብዙ ጡረተኞች ላይ አነሱ። ጎረቤቴ እማማ ያን ብርድ በጋቢ ላይ ጋቢ ደርበው ነው ያሳለፉት። ማሞቂያውን የሚከፍቱት እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነበር። በሰኔ 2025 መንግሥት ሐሳቡን ቀይሮ ገቢያቸው ከ35,000 ፓውንድ ለማይበልጥ መለሰ። ብርዱ ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው እንግዲህ!

አሠሪዎች በሠራተኛ ደመወዝ ላይ ለመንግሥት የሚከፍሉት መዋጮ፣ ናሽናል ኢንሹራንስም ከ13.8 ወደ 15 በመቶ ወጣ። የምሠራበት ካፌ ወዲያው ሰዓቴን ቀነሰብኝ። ይሁን፣ የተጨመረው ገንዘብ ለሕክምና ከሆነ ሰዓቴ ይቀነስ። ዛሬም ግን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ክሊኒክ ስደውል ማሽኑ «በወረፋው 23ኛ ነዎት» ይለኛል። ተራዬ ሲደርስ የዕለቱ ቀጠሮ አልቋል።

እኔ እታገሣለሁ። የእማማ ጉልበት ነው የማይታገሠው።

አንባቢያችሁ፣ ከለንደን