ምንጣፉ ሲወርድስ? የሥነ ጽሑፍ ክበባችን የዓመት ዘገባ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለችው ክፍል አጠገብ ያለፈ ሰው ጩኸት ሳይሰማ አልቀረም። «የሥነ ጽሑፍ ክበብ ነው ወይስ የክርክር?» ብለው የጠየቁኝ ባልደረቦች አሉ። የሥነ ጽሑፍ ነው። ልጆቹ ድምፃቸውን ከፍ የሚያደርጉት በአንድ ስንኝ ላይ አልስማማ ሲሉ ነው፤ እኔም ዝም አላሰኛቸውም።

ዘንድሮ ክበቡ በዘይቤና በተምሳሌት ላይ ብቻ እንዲቆይ የወሰንኩት አምና የፈተና ወረቀት ሳርም ያየሁት ነገር ስላስጨነቀኝ ነው። ተማሪዎቻችን ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ ግነት፣ እንቶኔ እያሉ የዘይቤ ዓይነቶችን እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ይወጡታል። «እንደ» የሚል ቃል ካዩ ተነጻጻሪ ብለው ይመልሳሉ፤ ነጥቡንም ያገኛሉ። ገጣሚው የሰውየውን ልብ በድንጋይ እንጂ በብረት ለምን እንዳልመሰለው ሲጠየቁ ግን ወረቀቱ ባዶ ነው። ስለዚህ የዓመቱ ጥያቄያችን አንድ ብቻ ሆነ፦ ይህ ነገር እዚህ ለምን መጣ?

በጥቅምት ወር 31 ተማሪዎች ተመዘገቡ፤ 23ቱ እስከ ሰኔ ዘለቁ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በእንቆቅልሽ አለፉ። «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው» ሲባል ውሃ ብሎ የማይመልስ ልጅ የለም፤ ውሃን እንደሚሄድና ሊደክም እንደሚችል ሰው አድርጎ ማየት ሰውኛ ዘይቤ መሆኑን ግን ልብ ያለው አልነበረም። ቀጥሎ ወደ ሰምና ወርቅ ገባን። ስያሜው ከአንጥረኛ ቤት የመጣ ነው፤ ቅርጹ መጀመሪያ በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይለበጣል፣ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በቦታው ይፈሳል። ይህን በሰሌዳ ላይ ስስልላቸው ጸጥ ብለው አዩ። ሌሎቹን ስብሰባዎች መዘርዘር አያስፈልግም፤ መዝገቡ በቢሮ አለ።

በታኅሣሥ የእንስሳት ተረቶችን ስናነብ ጅብ እንደተለመደው ሆዳምና ሞኝ ሆኖ መጣ። «ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለውን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ከጀጎል፣ በግንብ ከታጠረችው ከጥንቷ ሐረር፣ የመጣ አንድ ልጅ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ እጁን አወጣና «መምህር፣ እኛ እኮ እያወቅነው ነው የምናበላው» አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ እሱ አልሳቀም። በግንቡ ሥር ለጅብ መግቢያ የተተወውን ቀዳዳ፣ በአሹራ፣ በሙስሊሞች በዓል፣ ዕለት ቅቤ ጠግቦ የሚቀርብለትን ገንፎ፣ ጅቦቹ ደህና አድርገው ከበሉ ዓመቱ መልካም ይሆናል የሚለውን እምነት አንድ በአንድ አስረዳ። ከገጠር መጥቶ ዘመድ ቤት የሚማር ሌላ ልጅ ደግሞ ተነሣና «የአባቴን አህያ የበላው ጅብ ምንም ምልክት አይደለም» አለ። ያን ዕለት ልጆቹ ተምሳሌት እንደ መዝገበ ቃላት አንድ ፍቺ ተለጥፎበት እንደማይኖር ያለ እኔ ማብራሪያ ደረሱበት። ጅብ በዚህ ተረት ውስጥ ምን ሆኖ ቆመ፣ ተረቱን የሚነግረውስ ማን ነው ብሎ መጠየቅ የዚያ ዕለት ትርፋችን ነው። ይህን ጨዋታ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ትምህርት ነው እላለሁ።

ትንሽ ልቆይበት የምፈልገው የየካቲቱን ጉብኝት ነው። መኪና ስላላገኘን በእግራችን ወደ ጀጎል ሄድን። መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ስናልፍ ሰፊዎቹ በሥራ ላይ ነበሩ፤ ልጆቹን አስቁሜ ዓይናቸውን ጨፍነው እንዲያዳምጡ አደረግኩ። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ቆሞ ያዳመጠው ግን ያን ቀን ነው። ከዚያ የአንድ አባላችን አያት ቤት ገባን። እናታችን በር ላይ ተቀበሉን፤ ጫማችንን አውልቀን ነደባው ላይ ተቀመጥን። ነደባ ደረጃ ደረጃ ያለው መቀመጫ ነው፤ ማን ከየትኛው ላይ እንደሚቀመጥ በማዕረግ የተለየ ነው። የመደቡ ቀይ ቀለም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ ነው እንደሚባል ሲነግሩን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ከበሩ በላይ ወደ ተቀመጠው ጥቅል ምንጣፍ እያመለከቱም «ይህ ካለ በቤቱ ለማግባት የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው» አሉን።

ሁሉም ይጽፍ ነበር። ከጥቅምት ጀምሮ በክበቡ ውስጥ አንድ ቃል ያልተናገረች የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «ምንጣፉ ሲወርድስ?» አለች። እናታችን ወዲያው አልመለሱላትም። ወደ በሩ አዩና «ሲወርድማ ልጅቷ ሄዳለች፤ ቤቱም ጸጥ ይላል» አሏት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በአራት የታጠፈ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ሮጠች፦

ምንጣፉ ወረደ፣ ጥቅልሉ ተፈታ፣
እህቴ ተዳረች በሆታ በእልልታ፤
ጎረቤት ጨፈረ፣ ቤቱ በሰው ሞልቶ፣
እናቴ ዝም አለች፣ ዓይኗ በር ላይ ቀርቶ።

የዚህች ልጅ ቤተሰብ ከሌላ አካባቢ የመጣ ነው። በቤታቸው ከበር በላይ የሚቀመጥ ምንጣፍ የለም፤ ታላቅ እህቷ መዳሯን ያወቅኩትም በኋላ ነው። ምልክቱን ከጎረቤት ተውሳ የገዛ ቤቷን ነገረችበት። በአራቱ ስንኞች ውስጥ ናፍቆት፣ ሐዘን፣ እንባ የሚሉ ቃላት አንዳቸውም የሉም። በ14 ዓመት የመምህርነት ዘመኔ ተምሳሌትን እንዲህ አድርጎ ያስረዳልኝ መጽሐፍ አላገኘሁም። ለክበቡ ሳነበው የዓርብ ጩኸታችን ጠፋ፤ መጀመሪያ የተናገረውም ያ የአህያው ልጅ ነበር። «በሩን ባትጽፈው ኖሮ አይገባኝም ነበር» አለ።

ያልተሳካልንም አለ። የግድግዳ መጽሔታችን ወረቀትና ማርከር አልቆ በሚያዝያ ቆመ። የሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ ከተበላሸ ወዲህ በጠዋት ሰልፍ ግጥም ማንበብ አልቻልንም። ስምንት ልጆች ያቋረጡት በእኔ ድክመት ጭምር ነው፤ ለፈተና የሚዘጋጁትን የሚያመች ሌላ ሰዓት ልፈልግላቸው ይገባ ነበር።

የእግር ኳስ ቡድናችን አዲስ ማልያ ሲለብስ አጨብጭቤያለሁ፤ ልጆቹ ይገባቸዋል። ዓመቱን ሙሉ ሁለት እሽግ ወረቀት ብቻ የተሰጣቸው 23 ልጆችም የዚሁ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። በቤተ መጻሕፍታችን የሚገኙት የግጥም መጻሕፍት ለአባላቱ አይዳረሱም፤ አንዱን ለአምስት ስናነብ ከርመናል። በወላጆች ቀን የዚያች ተማሪ እናት ግጥሙን ከግድግዳው ላይ አንብበው ቅጂ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። ማተሚያው ስለማይሠራ በእጄ ገልብጬ ሰጠኋቸው።

አሁን ልጆቹ ራሳቸው የመረጧቸው 19 ግጥሞችና 4 አጫጭር ታሪኮች ለኅትመት ዝግጁ ናቸው። የሚያስፈልገን የማባዣ ወረቀት፣ ቀለም፣ የሽፋን ካርቶንና ኮምፒውተር ላይ የሚጽፍልን ሰው ነው። በቤቱ የግጥም ወይም የተረት መጽሐፍ ያለው ወላጅና የቀድሞ ተማሪ ቢያበረክትልን በስሙ መዝግበን እንረከባለን። ዓርብ ከሰዓት በኋላ በዚያችው ክፍል እንገኛለን፤ ረቂቁም በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ነው።