የካቶሊክ ትምህርት ቤትና የልጆቻችን የጥምቀት ወረቀት

ለተከበሩ አዘጋጅ፤

በእንግሊዝ አገር በመንግሥት ገንዘብ ስለሚተዳደሩ የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብሁ። ጸሐፊው የግብር ከፋይ ገንዘብ ልጆችን በሃይማኖት ለመለየት እንዳይውል ይጠይቃሉ። መቃወሚያው ቀላል አይደለም፤ የመምህራኑን ደመወዝ የሚከፍለው መንግሥት ነው፣ ከሕንፃ ወጪም ትምህርት ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸፍነው 10 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ክፍት ቦታ እስካለ ድረስ ማንንም በሃይማኖቱ መመለስ አይፈቀድም። ሃይማኖት የሚታየው አመልካች ከቦታው ሲበልጥ ነው (በለንደን ብዙ ጊዜ እንደሚበልጥ አልክድም)። ልጁን ከሃይማኖት ትምህርትና ከጸሎት ማስቀረትም የወላጅ መብት ነው።

ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሣው ጉዳይ ግን በቀጥታ እኛን ይመለከታል። በብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች የቅበላ መመሪያ ላይ፣ ከካቶሊኮች ቀጥሎ ከሌሎች ክርስቲያኖች አስቀድሞ፣ ኦርቶዶክሶችን ጨምሮ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ልጆች ተጠቅሰዋል። ማስረጃው የጥምቀት ወረቀት ነው። ልጆቻችን በ40 ወይም በ80 ቀናቸው ይጠመቃሉ፤ ወረቀቱን ግን ስንቶቻችን ይዘናል? የያዝነውስ ቢሆን በአማርኛ ብቻ ከተጻፈ ለትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ምን ይነግራታል?

ማመልከቻ የሚዘጋው ኦክቶበር 31 ነው። ስለዚህ በለንደን ያሉ ሰበካ ጉባኤያት በየዓመቱ ከመስቀል በፊት በእንግሊዝኛ የተጻፈና ማኅተም ያረፈበት የጥምቀት ምስክር ወረቀት አዘጋጅተው ለወላጆች ይስጡ። ዝግጅት ክፍላችሁም ቀኑን በሴፕቴምበር እትሙ ያስታውስ፤ ትምህርት ቤቱ የሚጠይቀው ተጨማሪ ቅጽ ለአካባቢው ምክር ቤት ከሚላከው ማመልከቻ የተለየ መሆኑንም አብሮ ይግለጽ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ወላጅ፣ ከለንደን