የቱ አገር ቡና ይበልጣል ላልሽኝ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለፈው ደብዳቤሽ «ይሄን ሁሉ አገር ዞረሽ የቱ አገር ቡና በለጠብሽ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። አንቺም መንገድ ልትጀምሪ ስለሆነ አንድ ስም ጠርቼ ላልፈው አልወደድኩም። ቡና ከቡና የሚያበላልጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያወዳድሩት የለመዱትን ካልለመዱት ጋር ነው፤ የለመዱት ደግሞ ሁልጊዜ ያሸንፋል። አንቺ ግን በእያንዳንዱ አገር የመጀመሪያውን ሲኒ የአገሩ ሰው እንደሚጠጣው ጠጪው። ስኳር የሚያበዙ ከሆነ ከነስኳሩ፣ ወተት የሚጨምሩበት ከሆነ ከነወተቱ። እንደለመድሽው ማዘዝ ከሁለተኛው በኋላ ይደርሳል።

በሆቴል ቁርስና በአውሮፕላን ማረፊያ ቡናም አገር አትመዝኚ። ተፈልቶ ማሞቂያ ላይ ሲንገረገብ የዋለ ቡና የትም አገር አንድ ነው። ማለዳ ወጣ በይና ሥራ የሚገቡ ሰዎች የሚሰለፉበትን ቤት ፈልጊ።

ቡናን እንደ አገሩ ሰው መጠጣት እንደሚገባ ከሁሉ አጥብቃ ያሳየችኝ ቬትናም ናት። እዚያ «ፊን» የሚሉት ትንሽ የብረት ማጥለያ አለ፤ በብርጭቆው አፍ ላይ ይቀመጣል። ከብርጭቆው ሥር ሁለት ጣት ያህል ወፍራም የጣሳ ወተት አስቀድሞ ይፈስሳል። ቡናው ከላይ ጠብ ጠብ እያለ ይወርድና ነጩ ላይ ጥቁር ሆኖ ይንሳፈፋል፤ አይቀላቀልም። እስኪያልቅ ደቂቃዎች ይፈጃል፣ የሚያጣድፈውም የለም። ከዚያ በማንኪያ ተማስሎ በረዶ ላይ ይገለበጣል። አንድ መንገደኛ አጠገቤ ተቀምጦ ወተቱን አስወጥቶ ጥቁሩን ብቻ ቀመሰና «ይሄማ ሬት ነው» ብሎ ተወው። አሳዘነኝ። ቬትናም ከብራዚል ቀጥላ በዓለም ብዙ ቡና የምታመርት አገር ናት፤ የምታመርተው ግን በአብዛኛው ሮቡስታ የሚባለውን የቡና ዝርያ ነው። ሮቡስታ አረቢካ ከሚባለው ከእኛ አገሩ ዝርያ እጥፍ የሚጠጋ ካፌይን አለው፣ ስኳሩና ቅባቱ ያንሳል፣ ስለዚህ ይመርራል፣ ይከብዳልም። ፈረንሳዮች ቡናን እዚያ ያስገቡት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ በዚያ ሙቀት ትኩስ ወተት ማግኘትና ማቆየት ስለሚያስቸግር የጣሳ ወተት ተለመደ። ያ ጣፋጭ ወተትና ያ መራራ ቡና አንዱ ለሌላው የተሠሩ ናቸው። በፈረንጆቹ 1940ዎቹ ወተት ሲጠፋ ሃኖይ ውስጥ የእንቁላል አስኳል ከስኳር ጋር ተመትቶ በወተቱ ቦታ ገባ፤ ዛሬም ይጠጣል። ከተማው ከደረስሽ ሳትቀምሺው እንዳትመለሺ፤ ትኩሱን እዘዢ፣ ሲኒውን ሙቅ ውኃ ውስጥ አስቀምጠው ያመጡልሻል።

ጣልያን ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ኤስፕሬሶ የሚሉት ቡናቸው 7 ግራም ገደማ ዱቄት፣ 25 ወይም 30 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ነው፤ በ9 ባር፣ ማለት ከአየሩ ግፊት ዘጠኝ እጥፍ ገደማ በሆነ ግፊት፣ ግማሽ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ይወርዳል። ሰው ባንኮኒው ላይ ቆሞ በሁለት ሦስት ጉንጭ ይጨርሰውና ይሄዳል። ከላይ የሚታየው ወርቃማ አረፋም ከመጀመሪያው አልነበረም። ሉዊጂ ቤዜራ በ1901 የፈጠራ መብት ያወጣበት ማሽን በእንፋሎት የሚሠራ ስለነበር ግፊቱ ዝቅተኛ ነበር፤ አረፋው የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአኪሌ ጋጃ ባለ እጀታ ማሽን ሲስፋፋ ነው። እዚያው ጣልያን ውስጥም አንድ ዓይነት ቡና አታገኚም። ወደ ደቡብ በወረድሽ ቁጥር አቆላሉ ይጠቁራል፣ ሮቡስታውም ይበዛል። ናፖሊ ላይ ከቡናው ጋር ውኃ ይሰጡሻል፤ አስቀድመሽ ጠጪው፣ አፍሽን አጥርቶ ለቡናው እንዲያዘጋጅልሽ ነው።

እንግዲህ ከዚያ ተነስተሽ ሰሜን አውሮፓ ብትደርሺ ቡናው ቀጭን መስሎ ሊታይሽ ይችላል። ፊንላንዶች በነፍስ ወከፍ በዓመት 12 ኪሎ ገደማ የሚጨርሱ፣ ከዓለም ግንባር ቀደም ቡና ጠጪዎች ናቸው። ቀለል አድርገው ይቆሉታል፣ በወረቀት ያጠልሉታል፣ ቀኑን ሙሉ ደጋግመው ይቀዱታል። በዚያ ልክ የሚጠጣ ቡና እንደ ኤስፕሬሶ ቢከብድ ማን ይችለዋል? አንድ ሲኒ ብቻ ጠጥተሽ አትፍረጂበት።

መጀመሪያ የምታርፊው ኢስታንቡል ስለሆነ አንድ ነገር ያዢልኝ። በቱርክ ቡናው እንደ ዱቄት ልሞ ከውኃውና ከስኳሩ ጋር አብሮ ስለሚፈላ የስኳሩን መጠን ስታዢ ነው የምትናገሪው፤ ከመጣ በኋላ ማማሰል አተላውን ማስነሳት ብቻ ነው። ትንሽ አስቀምጪው፣ አተላው ይረጋ፣ የመጨረሻውንም ጉንጭ ተይው። የባሕረ ሰላጤው አረቦች ቡና ግን ሲያዩት ቡናም አይመስልም። በጣም ቀለል ብሎ ስለሚቆላ ቢጫ ነው፣ ሄል ይሸታል፣ ስኳር የለውም፤ ጣፋጩ አብሮት የሚቀርበው ቴምር ነው። ፍንጃሉን አይሞሉልሽም፤ ጥቂት ጥቂት እየቀዱ ይደጋግሙልሻል። ሲበቃሽ ፍንጃሉን ወዘወዝ አድርጊው። ዝም ብለሽ ከዘረጋሽላቸው መቅዳታቸውን አያቆሙም።

አሁን አንጀቴን ወደሚበላው ልምጣ። ቡና አብቃይ አገር ስትደርሺ የዓለም ምርጡን ቡና በየመንገዱ የምታገኚ ይመስልሻል። ኮሎምቢያ ውስጥ በየመንገዱ ከፔርሙዝ እየተቀዳ የሚሸጠው «ቲንቶ» ግን ብዙ ጊዜ ለውጭ ገበያ ሳይመረጥ ከቀረው ፍሬ የተፈላ ነው። ጥሩው ተለቅሞ፣ በጆንያ ተሰፍቶ፣ መርከብ ላይ ወጥቷል። ፍሬውን በእጁ የለቀመ ገበሬ የራሱን ቡና ምርጥ ጣዕም ሳያውቅ ዕድሜውን ይጨርሳል። ይህን ሳስብ ያንን ቲንቶ ጣዕም የለውም ብዬ መናገር ይከብደኛል፤ ጥፋቱ የአፍላዩም የአብቃዩም አይደለም። ደግነቱ በየከተማው የአገሩን ምርጥ ቡና እዚያው ቆልተው የሚሸጡ ቤቶች እየተከፈቱ ነው። ስትደርሺ ሁለቱንም ቅመሺ፤ ከመንገዱም ከቤቱም። ከየትኛው መንደር እንደመጣ ጠይቂያቸው፣ ደስ ብሏቸው ይነግሩሻል።

ሌላው ሰው የማያስበው ውኃው ነው። ቦጎታ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ላይ ስለሆነች ውኃ እዚያ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ደግሞ በ100። ኖራ የበዛበት ውኃ የቡናውን ኮምጣጣነት ያጠፋዋል፣ የለሰለሰ ውኃ ደግሞ ያጎላዋል። አንዱ ከተማ ላይ ወደሽው ገዝተሽ የወሰድሽው ቡና ሌላው ከተማ ላይ ሌላ የሚሆንብሽ ለዚህ ነው፤ ሻጩ አታልሎኝ ይሆን ብለሽ አትጠርጥሪ። ለመውሰድ ካሰብሽ ሳይፈጭ፣ የተቆላበት ቀን የተጻፈበትን ምረጪ።

ለእኔ የቱ በለጠ ካልሽኝ፣ ጠዋት ብቻዬን ስሆን የናፖሊው ይናፍቀኛል፤ ከሰው ጋር ቁጭ ብዬ ወሬ ስጀምር ደግሞ የአረቦቹ። የቬትናሙ ከቀትር በኋላ፣ ሙቀቱ ሲያደክመኝ ነው። አንዱን በአንዱ ቦታ ቢሰጡኝ ሦስቱንም አልወዳቸውም ነበር።

ስትጽፊልኝ «ጥሩ ነበር» ብለሽ ብቻ አትለፊው። አቆላሉ ምን ይመስላል፣ አጠለሉት ወይስ ከነአተላው አቀረቡት፣ ሰዉ ቆሞ ነው ወይስ ተቀምጦ የሚጠጣው፣ በስንት ሰዓት ይጠጡታል፣ ይሄን ይሄን ንገሪኝ። ጃፓን ከደረስሽ በተለይ በእጅ እያንቆረቆሩ የሚያጠልሉበትን ቤት አጥብቄ እፈልጋለሁ፤ ውኃውን በምን ያህል ዝግታ እንደሚያፈሱት ቁጭ ብለሽ እይልኝ። ኢስታንቡል በገባሽ ማግስት ደብዳቤሽን እጠብቃለሁ።

እናትሽ