ከእንቁላሏ ላይ ስላስነሣናት ቆቅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በሰሜን ሸዋ ደኖች ውስጥ ለሚመላለሱ አንባቢዎች ይጠቅም እንደሆነ በማለት፣ በራሴ እጅ የደረሰ አንድ ጥፋት እንድታወጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ባለፈው ሚያዝያ ከአዲስ አበባ የመጡትን የእህቴን ልጆች ይዤ በአንኮበር በኩል ወደ ወፍ ዋሻ ደን ገባሁ። የበልጉ ዝናብ ሌሊቱን ጥሎ ስላደረ መንገዱ ያዳልጥ ነበርና፣ ልጆቹ እንዳይወድቁብኝ ብዬ ከተለመደው የእግር መንገድ አስወጥቼ በጽዶቹ ሥር በሣሩ ላይ መራኋቸው። ጥቂት እንደሄድን፣ ከእግሬ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ አንዲት ቆቅ ቱር ብላ ተነሥታ ወደ ገደሉ ቁልቁል በረረች። በተነሣችበት ቦታ፣ በወደቀ ግንድና በአስታ ቁጥቋጦ መካከል፣ እፍኝ የማይሞላ ደረቅ ሣር የተነጠፈበት ትንሽ ጎድጓዳ ነበር፤ በውስጡም ነጣ ያሉ ቡናማ እንቁላሎች፣ ስድስት። ታናሹ ልጅ አንዱን በጣቱ ነክቶ «ይሞቃል» አለ።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ሁሉ ስሕተት ነበር። ልጆቹ በስልክ ፎቶ አነሡ፤ እኔ እንቁላሎቹ እንዳይበርዳቸው በማሰብ ቅጠል አለበስኳቸው፤ እናቲቱ ትመለስ እንደሆነ ለማየትም ሩብ ሰዓት ያህል እዚያው ቆምን። ከብቶቹን እየነዳ ያልፍ የነበረ አንድ እረኛ «ጋሼ፣ እዚህ አይቁሙ፤ ቁራው እያያችሁ ነው» አለኝ። ቀና ብል፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ትልቁ ቁራ ከበላያችን ባለው ዝግባ ላይ ተቀምጦ ቁልቁል ይመለከት ነበር። በማግስቱ ብቻዬን ተመልሼ ስሄድ ቅጠሉ ተበትኗል፤ አራቱ እንቁላሎች የሉም፤ ሁለቱ ተበስተው አስኳላቸው በሣሩ ላይ ደርቋል። የበላቸው ማንም ይሁን ማን፣ ቦታውን ያሳየነው እኛ ነን።

ንቁ የሆነን ሰው «ቆቅ ነው» እንላለን። ይህች ንቁ ወፍ እግር ሊረግጣት እስኪደርስ ከእንቁላሏ የማትነሣው ግን ሳታየን ቀርታ አይደለም፤ ላባዋ ከደረቅ ሣርና ከቅጠል ጋር ስለሚመሳሰል፣ ዝም ብላ ከተቀመጠች እንደምናልፋት ስለምትተማመን ነው። እንቁላሎቿን አንድ በአንድ ጥላ ከጨረሰች በኋላ ጫጩቶቹ በአንድነት እንዲፈለፈሉ ሦስት ሳምንት ያህል ትታቀፋለች፤ ጫጩቶቹም ከተፈለፈሉ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ በእግራቸው እናታቸውን ተከትለው ጎጆውን ይለቃሉ። እንግዲህ ከእኛ የሚፈለገው ትዕግሥት የጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። በተለይ በመታቀፊያዋ መጀመሪያ ላይ የተረበሸች እናት ጎጆዋን ጨርሶ ልትተወው ትችላለች፤ ብትመለስ እንኳ የምትመለሰው ሰው ከአካባቢው ሲርቅ ብቻ ስለሆነ፣ ቆመን በጠበቅናት ቁጥር በዚያ ደጋ ብርድ እንቁላሎቹን የምናቀዘቅዛቸው እኛው ነን።

ስለዚህ ቆቅ ከእግሩ ሥር የተነሣችበት ሰው እንቁላሉን ሳይነካና ሳያለብስ፣ ፎቶ ለማንሣትም ሳይቆም፣ በመጣበት ዱካ ወዲያውኑ እንዲመለስ፣ «ምን ሆነው ይሆን» ብሎም ዳግም እንዳይሄድ እለምናለሁ። የእኔ የማግስቱ ጉዞ ራሱ ተጨማሪ ዱካ ከመተው በቀር የፈየደው ነገር አልነበረም።

ለአስጎብኚዎችና ለቀበሌ አስተዳዳሪዎችም አንድ አሳብ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1976 የተገኘችውን የአንኮበር ሴሪን የተባለችውን ትንሽ ወፍ ፍለጋ ከሩቅ አገር ሰው ወደ አንኮበር ይመጣል፤ ወደ ደኑም የሚዘልቅ ብዙ ነው። ከሚያዝያ መግቢያ እስከ ግንቦት መጨረሻ እንግዶች ከእግር መንገዱ እንዳይወጡ፣ ውሻም ይዘው እንዳይገቡ ቢደረግ የሚጎዳ ሰው አይኖርም። እንዲህ ያለው ሥርዐት ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም፤ የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ የጓሳውን ሣር ቄሮ በሚባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዐት ለዓመታት እየዘጉ፣ ጊዜው ሲደርስ እየከፈቱ ጠብቀው አቆይተውታል። ለሣሩ ዓመታት የተገኙለት አገር ለቆቅ ሁለት ወር አይነፍግም ብዬ አምናለሁ። ለእረኞቹ ግን የምነግራቸው የለኝም፤ ያ ልጅ ከእኔ በፊት ያውቀው ነበር።

ልጆቹ ያነሡት ፎቶ በእጄ ይገኛል። ነገር ግን ከጀርባ ያለው ገደል ቦታውን ስለሚያስታውቅ፣ ቆቋም በዚያው አካባቢ እንደገና ልትጥል ስለምትችል፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አላያያዝኩትም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን